ስምንት ተኩል ያረፈው አውሮፕላን

አደሊኖን ያጋለጠው፣ ሚስቱ አታውቀውም ብሎ የናቀው የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው።

የሚሠራው ሉክሰምበርግ፣ ሕንፃ ግንባታ ላይ ነው። በየወሩ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ወዳለው ቤቱ መጥቶ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይበራል። ፖርቶ የቀረችው ሚስቱ ዴልፊና የግድግዳ ሰዓቷ ዘጠኝ ተኩል ሲል ይደውልላትና «ገና አሁን መሬት ረገጥኩ» ይላታል። ትኬቱም ላይ ማረፊያው ዘጠኝ ተኩል ተብሎ ተጽፏል።

ዴልፊና ግን የሰርዲን ዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አብረዋት ከሚሠሩት ሴቶች የግማሾቹ ባሎች እዚያው ናቸውና፣ የሉክሰምበርግ ሰዓት ከፖርቶ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም የማታውቅ የለችም። ወራት ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ያንን አንድ ሰዓት የምትወስድባትን ሴት ከነፀጉሯ፣ ከነጫማዋ በሐሳቧ ስትስል ከረመች።

ዛሬ ሻንጣውን ሲዘጋ ጠየቀችው።

«በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል። ትኬቱን አታዪም እንዴ?»

«ሁለት ተኩል ነው የኔ ጌታ! ዘጠኝ ተኩል የነሱ ሰዓት ነው፤ እዚህ ያኔ ስምንት ተኩል ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከማን ጋር ቆይተህ ነው የምትደውልልኝ?»

አደሊኖ ከሻንጣው ዚፕ ጋር መታገል ጀመረ።

«ካሪን የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ናት። መኪና ስላላት ትቀበለኛለች።»

«አውቶብሱስ ጎማ የለውም?»

«አንቺ ደግሞ! ምሳ ብቻ ነው የምንበላው።»

«እኔ ምሳዬን ሳልበላ ነው ስልክህን የምጠብቀው።»

«በቃ፣ ዛሬ እንዳረፍኩ እደውላለሁ።»

«አትደውል» አለችው። ካፖርቷን ደርባ ወጣችና በሩን ዘጋችው።