የተመሰከረለት ወገብ

ልጆቹ ከመንቃታቸው አንድ ሰዓት ቀድሜ እነቃ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ያ አንድ ሰዓት የወገቤ ነው። ጤነኛ ሰው ይነሣል፣ በቃ። እኔ ግን መጀመሪያ ከጀርባዬ ወደ ጎኔ እዞራለሁ፤ እሱ ብቻውን አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ቀጥዬ እግሮቼን አጥፌ ከአልጋው ጠርዝ አወርዳቸዋለሁ። ከዚያ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሼ፣ በክርኔ ተደግፌ፣ በሁለት ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ አርፋለሁ። እዚያው ተንበርክኬ፣ ግንባሬን ፍራሹ ላይ ደፍቼ፣ ወገቤ ላይ እንደ ሳንቃ የተቸነከረው ነገር እስኪላላ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ።

ልጆቼ የምጸልይ ይመስላቸው ነበር። የስምንት ዓመቷ ኮከቤ በሩ ጋ ደርሳ ታየኝና የሦስት ዓመት ወንድሟን አብዲሳን እጁን ይዛ ትመልሰዋለች። "ዝም በል፣ አባባ ከጌታ ጋር እየተነጋገረ ነው።" ይህንኑ ለልጆች አስተማሪዋ ተናግራ ኖሮ፣ አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ደገፋ ከመድረክ ላይ ሆነው፣ "በየማለዳው አንድ ሰዓት የሚንበረከክ አባት በመካከላችን አለ" ብለው ወደኔ አመለከቱ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል? እውነቱን ማለት ይቻል ነበር። አሜን ግን ይቀል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው። አብዲሳ ጡት እንደጣለ ባለቤቴ ፌኔት ለሥራ ቦኬ ወደምትባል ሩቅ ወረዳ ተመድባ ሄደች። ዝውውር ጠየቅን፤ "ይታያል" ተባልን፤ እስከ ዛሬ እየታየ ነው። በወር ሁለቴ፣ ቅዳሜና እሑድን ትመጣለች። በቀሩት ቀናት ሁለቱን ልጆች የማለብሰው፣ የማበላው፣ ታናሹን ተሸክሜ ቁልቁለቱን ወርጄ ለጎረቤታችን ለሞሚና የማስረክበው፣ ታላቋን ትምህርት ቤት አድርሼ ሁለት ሰዓት ላይ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት የምገተረው እኔ ነኝ፤ ቶሌሳ፣ ጭሮ ከተማ የታሪክ አስተማሪ። ስለዚህ ወገቤን ሲያመኝ ሁሉም "ድካም ነው" አለኝ። አንዱ ፍራሹን ጥለህ መሬት ላይ ተኛ ይላል። ሌላው ቅቤ አስይዞ ወጌሻ ቤት ይወስደኛል። የክፍል ኃላፊያችን ደግሞ፣ ጴንጤ መሆኔን እያወቀ፣ "በማለዳ ሁለት ዘለላ ጫት ብትቀነጥስ ወገብ እንዳለህም ትረሳለህ" ይለኛል። ይህች ከተማ መድኃኒት ባይኖራት ምክር ሞልቷታል። ስድስት ወር ሙሉ ምክር ስሰበስብ፣ በየምሽቱ ላብ እንደሚያጠምቀኝ፣ ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንደገባ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም።

የጠየቀኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ተሻለ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የሆነ ሰው። ጀርባዬን በጣቱ እየተጫነ ወርዶ አንድ አጥንት ላይ ቆመ። ጮህኩ።

"መምህር፣ ይሄ ድካም አይደለም" አለ።

ራጅ ተነሣሁ። የአከርካሪ ቲቢ ነው ተባለ። ስምንት ወር መድኃኒት፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየማለዳው ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ፣ ተሻለ እያየኝ እውጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ እየወሰድኩ ቤቴ። ዋጥኩ። በሦስተኛው ወር ማብቂያ አንድ ጠዋት ተነሣሁ፤ እንደ ሰው፣ በእግሬ። አለቀስኩ።

በዚያው እሑድ መሰከርኩ። በኛ ጉባኤ ተፈወስኩ የሚል ሰው በቃል ብቻ አይመሰክርም፤ ያቅተው የነበረውን በሰው ፊት ያደርገዋል። ደረጃ መውጣት ያልቻለው መድረኩ ላይ ይወጣል፣ እጁ የማይዘረጋው ያጨበጭባል። እኔ ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ከወለሉ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ስለ ኪኒኑ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

መድኃኒትህን አቁም ያለኝ ሰው የለም። ይህን የምጽፈው፣ ታሪኬን ሰምተው በሌላው ላይ ለመፍረድ የሚቸኩሉ ስላሉ ነው። ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ ሎጂኬ። ተፈወስኩ ብሎ በፈጣሪና በሰው ፊት የመሰከረ ሰው ሰኞ ጠዋት የቲቢ መስኮት ላይ ቢታይ ምን ይባላል? ውሸታም። የጋሽ ደገፋ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ደግሞ ያለው በትክክል ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው። ለፌኔት "ጨረስኩ" አልኳት፤ አመነችኝ።

ወር ሞልቶ ስቀር ተሻለ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በሩ ላይ፣ መምህራኑ ፀሐይ እየሞቁ ባሉበት ያዘኝ።

"መምህር፣ አምስት ወር ይቀርሃል።"

"ለማን? ለተፈወሰ ሰው?"

"ሕመሙ ጠፋ ማለት ተህዋሱ ሞተ ማለት አይደለም። ተደብቋል።"

"ሲደበቅ አይተኸዋል?" አልኩት። መምህራኑ ሳቁ። ሳቅ ሲያገኝ የማይበረታ ተከራካሪ አላውቅም፤ እኔም በረታሁ። "የሦስት ወር ኪኒን ሰጠህና ፈጣሪ ሆንክ? አንተ የተቀጠርከው ኪኒን ልትቆጥር ነው፤ ቁጠር!"

ፊቱ ቀላ። አንደበቱ እንደኔ የተሳለ አልነበረም። "እኔ የማወራው ስለ እግርህ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ "ሽባ ያደርጋል።" ሄደ። በክርክር ረታሁት። ጓደኞቼ ሻይ ጋበዙኝ።

ስምንት ወር አልሞላም፣ ሕመሙ ተመለሰ። መጀመሪያ ማለዳ ማለዳ፣ እንደ ድሮው። እኔም ዘዴዬን አበጀሁለት፦ አሥራ አንድ ሰዓት መንቃት፣ መንከባለል፣ መንበርከክ። የልጆቹን ልብስ ማታውኑ ከወገቤ ከፍ ካለ ቦታ እሰቅላለሁ፤ ማጎንበስ እንዳይኖር። አብዲሳን ወንበር ላይ አቁሜ ጫማውን አስርለታለሁ። ጠመኔ የወደቀ እንደሆነ ተማሪ ያነሣልኛል። ሰው ሁሉንም ነገር ይለምዳል፤ ይህ ደግሞ ከችሎታዎቻችን ሁሉ የከፋው ነው።

በጥር ወር 2002፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ተነሥቼ ሻይ ለመጣድ ወደ ማብሰያ ክፍሉ ሄድኩ። ኮከቤ ከኋላዬ መጥታ እግሬን አየች።

"አባባ፣ አንዱ ሸበጥህ የት ሄደ?"

ቁልቁል አየሁ። ግራ እግሬ ባዶውን ነበር። የጥር ሲሚንቶ እንደ በረዶ ነው፤ ቀኙ በሸበጡ ውስጥ ይቀዘቅዘዋል፣ ግራው ግን ምንም አይሰማውም። ሸበጡ መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ቀርቷል። ሲወልቅ አላወቅሁም።

"ሞቆኝ ነው" አልኳት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

አብዲሳን አቅፌ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። "እሽኮኮ! እሽኮኮ!" ይላል፣ ትከሻዬ ላይ ልውጣ ብሎ። ከሞሚና በር አሥር እርምጃ ሲቀረን ግራ እግሬ ታጠፈ። አላመመኝም፤ ዝም ብሎ ከሥሬ ጠፋ። በቂጤ ወደቅሁ፣ ልጁ ደረቴ ላይ ቀረ። ጨዋታ መስሎት ሳቀ።

ሞሚና መጥረጊያዋን እንደያዘች ወጣች። "ያ ረቢ! ባርሲሳ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" ባርሲሳ የምትለኝ አስተማሪ ለማለት ነው።

"ተንሸራተትኩ።"

"በምን? ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን! በል ተነሣ።" ልጁን ወስዳ መሬት አቆመችው፣ ብብቴ ሥር ገብታ ጎተተችኝ። ቀኙ ቆመ፣ ግራው ተከተለ እንጂ አልቆመም። መልሳ አስቀመጠችኝ። "እግርህ ባዶ ከረጢት ሆኗል እኮ! ቆነጠጥኩህ፣ አልሰማህም?"

"መቼ?"

እጇን ከባቴ ላይ አነሣች። ከዚያ፣ እንደ ልማዷ፣ ነገሩን በቀልድ ልታልፈው ሞከረች። "አንተ ሰውዬ፣ ኮከቤ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ይሰግዳል ትለኛለች። እኔ የንጋቱን ሱብሒ በአምስት ደቂቃ ሰግጄ ይኸው ጉልበቴ እንደ ግመል ነው።" ሳቅሁ። እሷ ግን መሳቋን አቋረጠች። "ቆይ እስቲ። ስትሰግድ ነው ወይስ መነሣት አቅቶህ?"

ከዚያ ሁሉ ጉባኤ ይህን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

"መነሣት አቅቶኝ ነው" አልኩ።

"አስተግፊሩላህ" አለችና ባጃጅ ልታስቆም ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ኮከቤ ቦርሳዋን አንግታ አጠገቤ ቆማለች። "እኔን ማን ያደርሰኛል?" አለች። ሞሚና ከሩቅ፣ "እኔ አለሁ!" ብላ ጮኸች። ልጅቷ የጠየቀችው ግን እኔን ነበር።

ባጃጁ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲቆም ጋሽ ደገፋ የሱቃቸውን በር እየከፈቱ ነው። አዩኝ። ቁልፉን እንደሰኩት ትተው መጡና እጃቸውን ግንባሬ ላይ ሊጭኑ ወደ ውስጥ ጎንበስ አሉ።

"ወንድሜ ቶሌሳ! ምን ነካህ?"

"ጋሽ ደገፋ፣ ወደ መስኮቱ ነኝ። የቲቢ መድኃኒቴን ካቋረጥኩ ዓመት አለፈኝ።"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ለምን አቋረጥክ?"

"እንዴት ለምን? መስክሬ!"

"መሰከርክ። እና?" የምር ነበር የጠየቁኝ። ከደረት ኪሳቸው በስስ ብረት የታሸገ ኪኒን አወጡ። "ይኸው፣ የደም ግፊት። አሥራ አንድ ዓመቴ። በየጠዋቱ ሱቅ ስከፍት አንድ እውጣለሁ። ጌታ በሕይወት አቆየኝ ብዬ ስንቴ መስክሬያለሁ፣ አልሰማህም?"

"ስለ ኪኒኑ ሲመሰክሩ አልሰማሁም።"

"ማን ስለ ኪኒን ይመሰክራል?"

ባጃጁ ውስጥ ባልሆን ኮሌታቸውን እይዝ ነበር። "አሥራ አንድ ዓመት!" አልኩ። ሹፌሩ ዞሮ አየኝ። "አንድ እሑድ፣ አንዲት እሑድ ብቻ፣ 'እኔም እውጣለሁ' ቢሉ ምን ይጎድልብዎ ነበር? ጀሪካኑን ሳነሣ እልል ያሉት እርስዎ አይደሉም? ይህን ኪስዎን ይዘው?"

ሽማግሌው አልተቆጡም። ኪኒኑን እያገላበጡ ቆዩ። "አንተስ ብትጠይቀኝ ኖሮ?" አሉ።

በብብቴ ገብተው ደግፈው ከሹፌሩ ጋር ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

ለተሻለ የምናገረውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ሲያፌዝብኝ ይህን እመልሳለሁ፣ ሲወቅሰኝ ያን እላለሁ ብዬ። አላፌዘም። አልጋው ላይ አስተኝቶ ጫማዬን አወለቀ። የእግሬን መዳፍ በቁልፍ ጫፍ ጫረው።

"ዓይንህን ጨፍን። አውራ ጣትህን ወዴት አደረግሁት? ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?"

"ወደ ላይ።"

"አሁንስ?"

"ወደ ታች።"

ዓይኔን ስገልጥ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። "ሁለተኛውን አልነካሁትም" አለ። "መድኃኒቱን ስንት ወር ወሰድክ?"

ጋሽ ደገፋ ከራስጌዬ ቆመዋል።

"ሦስት" አልኩ።

"ሽንት መቼ ሸናህ?"

ሳስበው ጊዜ ወሰደብኝ። "ትናንት... ማታ አይደለም። ትናንት ከሰዓት።"

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር። የተሻለ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ከበፊቱ ፈጥኖ መጻፍ ጀመረ።

"ተናገር እንጂ!" አልኩት። "ብዬህ ነበር በል። ስደበኝ!"

"ለሱ ጊዜ የለም፣ መምህር። ሐረር ሆስፒታል ሳይመሽ መድረስ አለብህ።"

እንዲከራከረኝ ፈልጌ ነበር። ሰው የሚከራከርህ ገና የሚተርፍ ነገር ሲኖር ነው። ተሻለ ግን መኪና ሊፈልግ ወጣ፤ በኮሪደሩ ሲሮጥ ሰማሁት።

ሲመለስ በእሱ ስልክ ለፌኔት ደወልኩ። "መድኃኒቱን ጨርሰህ የለም እንዴ?" አለች። አልጨረስኩም አልኳት። መስመሩ ላይ የቦኬ ገበያ ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ "ልጆቹ የት ናቸው?" አለች። ሞሚና ጋ ናቸው አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመው ብርድ ልብስ አለበሱኝ። ጋሽ ደገፋ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ተሳፈሩ፤ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "ልጸልይልህ?" አሉኝ። "ይጸልዩ" አልኩ፤ "ቀስ ብለው።" ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከሥር አየዋለሁ።

ሂርና ስንደርስ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ። የእግር ጣቶቼን ተንቀሳቀሱ ብዬ አዘዝኳቸው። የግራዎቹ አልሰሙኝም። የቀኙ አውራ ጣት ብርድ ልብሱን ከፍ አደረገው። ለጋሽ ደገፋ አሳየኋቸው፤ አለቀሱ።

ከሂርና በኋላ በየመታጠፊያው ያንን ጣት አዝዘው ነበር፤ ይታዘዘኝም ነበር። ጨለንቆ ስንገባ አዘዝኩት። ብርድ ልብሱ ከፍ አላለም። ደግሜ አዘዝኩት።

"ምነው?" አሉ ጋሽ ደገፋ፣ ጸሎታቸውን አቋርጠው።

"ሹፌሩን ፍጠን ይበሉልኝ" አልኳቸው።