የሳጥኑን ክዳን ያነሳንበት ምሽት

እናቴ ሉሚንታ ስትታመም ለሕክምና ከቀዝቃዛው የኪናባሉ ተራራ ወገብ ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ አወረድናት። ሙቀቱ እንቅልፍ ነሳት። አባቴ ጋምፓት ከተራራው ጓሯችን፣ በቅጠሉ ጫፍ በሚያወጣው ገንቦ መሰል ወጥመድ ዝንብ የሚበላውን ገንቦ ተክል ነቅሎ ይዞላት መጣ። እሷ የምትወደው ትንሿ ገንቦ አፏን ስትከፍት ማየት ነበር። ተክሉ ግን ሌሊቱ ካልቀዘቀዘለት ገንቦ አያወጣም።

አባቴ የዓሣ መያዣ ፎም ሳጥን አምጥቶ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወለቀ ማራገቢያ ገጠመለት፤ ፊቱንም በመስታወት ሸፈነው። ተክሉን ከውስጥ አስቀምጦ ማታ ማታ በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶች ይደረድርበታል። ብርዱ እንዳይወጣ የሳጥኑን ክዳን ማንንም አያስነካም።

«ለእኔ እንዲህ አራግበህልኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች እናቴ።

«አንቺ ዝንብ ትበያለሽ?»

«ካንተ ጋር ስኖር ያልበላሁት ምን አለ፣ አንተ ሽማግሌ?»

በቅጠሉ ጫፍ ጣት የምታህል ገንቦ ወጣች። ገንቦዋ አፏን ሳትከፍት እናቴ ሞተች።

በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ነፍስ ወደ ተራራው ትሄዳለች፤ በሰባተኛው ቀን ምሽት ቤተሰቧን ልትጎበኝ ትመለሳለች። በእናቴ ሰባተኛ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ ሳጥኑን ከእናቴ ወንበር አጠገብ አስቀመጠና ክዳኑን አነሳው። ብርዱ እግሬ ድረስ መጣ።

«አባዬ፣ ገንቦዋ ትደርቃለች እኮ» አልኩት።

«ትድረቅ። እናትሽ ከብርድ አገር ነው የምትመጣው፤ ይህ ሙቀት ከበር እንዳይመልሳት።»

በረዶው ሲቀልጥ ሌላ ጠርሙስ አመጣሁለት።