ከአንገት በታች

«ይህን ጋኔን ከወንድሜ ራስጌ አንሺው!» አለ ሲላስ፣ ገና ከበሩ ላይ። መቼም አፉ ከእግሩ ቀድሞ ነው የሚገባው።

ሄስተር ንቅንቅ አላለችም። ባሏ አሞስ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ መስታወቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ለለቀስተኛ የተቀቀለው የአሳማ ሥጋ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል። ከሬሳው በላይ የተሰቀለው ግን በየሱቁ መስኮት የሚሸጠው የሚኒስትሩ የሎርድ ሃርግሬቭ ፎቶግራፍ ነው፤ ሰውየው እንደ ምሰሶ ተገትሮ።

«ዋርሳዬ፣ ለቅሶ ቤት ነው፤ ድምፅህን ቀንስ።»

«ደመወዝ ጨምሩልን ብንል ፈረሰኛ ልኮ ልጄን አስረግጦ የገደለውን ሰቅለሽ? ወንድሜ ቢነሳ ይተፋብሽ ነበር!»

«ቢነሳማ፣ ታሞ ሳለ አንድ ቀን ያልጠየቅኸውን አንተን ነበር የሚያስወጣው።»

ጎረቤቷ ዶርካስ የሻይ ሲኒዋን እንደያዘች አጠገቧ ላለችው፣ «የምታለቅሰው ለየትኛው ነው?» ብላ አንሾካሾከች።

ሄስተር ሰማች። አሞስ አስምሏት ነበር። የሞተ ሰው መሐላውን ይዞት ይሂድ፣ አለች በሆዷ።

አሞስ የፎቶግራፍ ቤት ተላላኪ ነበር። ሎርዱን ሪህ እግሩን ይዞት መቆም ስላቃተው፣ ተቀምጦ ፊቱን ብቻ ተነሳ። ፎቶ አንሺውም የሎርዱን ኮት ለአሞስ አልብሶ፣ እንዳይነቃነቅ ማጅራቱን በብረት ደግፎ አቆመው፤ በኋላ ከፎቶው ላይ የአሞስን ራስ አንስቶ የሎርዱን ለጠፈበት። የዚያን ዕለት አሞስ እየሳቀ ነበር ቤት የገባው። «ሄስተር፣ ዛሬ ሚኒስትር ሆኜ ዋልኩ፣ ከአንገቴ በታች! ለሲላስ ግን እንዳትነግሪ፤ ያርደኛል።»

አሁን ፎቶግራፉን አውርዳ ሲላስ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«የሎርድ እጅ አካፋ ያክላል? ይቺ በጋሪ የተጨፈለቀች አውራ ጣት የማን ናት?»

ሲላስ አየ። ዞሮም ሬሳው ደረት ላይ የተጣጠፉትን እጆች አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ለዚያ ነፍሰ ገዳይ አካሉን አበደረው?»

«ቁም አሉት፣ ቆመ። አንተስ አሠሪህ ቁም ሲልህ ትተኛለህ? ሌላ ምስል የለኝም፣ ሲላስ። ይኼን ከወሰድክብኝ ነገ እሱ አፈር ሲገባ ባዶዬን ነው የምቀረው።»

«ያ ፊት እዚህ ቤት እያለ ሬሳውን አልሸከምም። የሠፈሩም ወንድ አይሸከምም።»

ሄስተር ከመሳቢያ መቀስ አወጣች፤ ወረቀቱን ከክፈፉ አላቅቃ ልክ አንገትጌው ላይ ቆረጠችው። ጭንቅላቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት አንጠልጥላ ሰጠችው።

«እንካ፣ ያንተ ድርሻ። የቀረው የእኔ ነው።»

ሲላስ እሳቱ ውስጥ ጣለው፤ እስኪያልቅም ቆሞ አየው።

«ነገ እመጣለሁ» አለ። «ለሱ ስል ነው፤ ላንቺ አይደለም።»

«ማን ለመነህ?»

ሲወጣ ሄስተር ራስ የሌለውን ሰው ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የኮቱ ታችኛው ቁልፍ አልተቆለፈም። አሞስ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ሆኖ ነበር ከቤት የሚወጣው፤ እሷም እየተሳደበች በር ድረስ ተከትላ ትቆልፍለታለች።

«አንተ ዝርክርክ» አለች ቀስ ብላ፤ ጣቷም ቁልፉን ፍለጋ ወረቀቱ ላይ ሄደ።