ከቄጠማው ወዲህ

እማዬ እሺ አለች! ደጋው ቡሌ ላይ ለብቻዋ ከብርዱና ከቁርጥማቱ ጋር ስትታገል ዓመታት ለምኛት፣ በዚያ የካቲት ጠዋት በስልክ «የራሴ ክፍል ካለኝ እመጣለሁ» አለችኝ። እናቴ ዘነቡ በቀላሉ እሺ የምትል ሴት አይደለችም። ችግሩ ቤታችን ትርፍ ክፍል የለውም። ቢሆንም የጨርቅ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት በረርኩ።

ባሌ ወንድይራድ ከእኔ ብሶ ተገኘ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ከኩሽናው ጀርባ ያለውን ጓሮ በሲባጎ ከለለው። ቤታችን ዲላ ውስጥ ከትንሽ ወንዝ አጠገብ ነው፤ ጓሮው ወደ ወንዙ ይወርዳል። «አሁን ከጀመርን ሰኔ ላይ ትገባለች!» አለኝና መስኮቷ የሚሆንበትን ቦታ በእጁ አየር ላይ ሣለልኝ። እኔ በሐሳቤ መጋረጃ ሰቅዬ ጨርሼ ነበር።

እንግዲህ ወንዝ ዳር ለሚገነባ ማዘጋጃ ቤቱ አይቶ መፍቀድ አለበት። ከወንዝና ከረግረግ መሬት ምን ያህል መራቅ እንዳለብን የሚለካ ባለሙያ ተላከልን። አቶ ሲላስ ይባላል፤ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ረጅም የብረት ዘንግ የያዘ ቀጭን ሰው ነው። ወንድይራድ ገና ሰላም ሳይለው ከውሃው ጫፍ ሜትር ዘርግቶ፣ «ይኸው! ሕጉ ከሚለው በላይ ርቀናል!» ብሎ ፎከረ።

«ይሄ የበጋ ውሃ ነው፣ አቶ ወንድይራድ» አለ ሲላስ። «እኔ የምለካው የሚያዝያ ዝናብ ከሚያደርሰው ቦታ ነው።»

ይሁን አልኩ። የሚያዝያው ውሃም ቢሆን ሲባጎው ጋ አይደርስም። ሰውየው እንዲደሰትልን ብዬ ግቢዬን ማወደስ ጀመርኩ።

«አቶ ሲላስ፣ ይሄ መሬት የተባረከ ነው! እኛ ለበዓል ቄጠማ ገዝተን አናውቅም። ሰው በፋሲካ ዋዜማ ገበያ ሲጋፋ፣ እኛ ከዚሁ አጭደን እንጎዘጉዛለን፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። ከታች ወንዙ ዳር ብቻ እንዳይመስልዎት! እዚህ ድረስ ይበቅላል» ብዬ ሲባጎው መሃል ገብቼ ቆምኩ። «ልክ የእማዬ አልጋ የሚሆንበት ላይ!»

ሲላስ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «በበጋም አለ፣ እህቴ?»

«አለ እንጂ! ዓመቱን ሙሉ!»

ወንድይራድ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሲላስ ዘንጉን ከእግሬ አጠገብ ተከለው። ገንፎ ውስጥ የገባ ይመስል ሰመጠ። ሲነቅለው ቀዳዳው ውሃ ሞላ። «ቄጠማ ውሃ ነው የምትወደው» አለኝ። «በበጋም ካለች መሬቱ ረግረግ ነው። ርቀቱ የሚቆጠረው ደግሞ ረግረጉ ከሚያልቅበት እንጂ ከወንዙ አይደለም።» ከቄጠማው ጫፍ ሲለካ መጥቶ ሜትሩ ከኩሽናችን ግድግዳ ጋር ተጋጨ። ለእማዬ አንድ ክንድ መሬት አልተረፈም። ያጋለጥኩት ደግሞ እኔው በገዛ አፌ!

ደሜ ፈላ። «ነቅዬ እጥለዋለሁ! ነገ ቢመጡ አንድ ዘለላ ቄጠማ አያገኙም! አፈር እደፋበታለሁ!»

«አፈሩ ከላይ ይደፋል፣ ውሃው ከሥር ይቀመጣል» አለ ሲላስ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር። «ወለሉን እያረጠበ ይወጣል። ክፍሉ ለማን ነው?»

«ለእናቴ! የቡሌ ብርድ ጉልበቷን ጨርሶት…» አልኩ። ከብርድ አውጥቼ እርጥበት ላይ ላስተኛት ነበር!

«በሉ ደረቅ መሬት ያሳዩኝ!» አልኩት። ዘንጉን ከእጁ ልነጥቀው ምንም አልቀረኝ። እኔ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ግቢውን ዞርነው። በስተጎን ከቡናዎቹ ሥር መሬቱ ደህና ነው፤ ግን አልጋ እንኳ አያስዘረጋም። ወደ ፊት ለፊት ወጣን። የሳሎኑ ደረጃ ጋ ዘንጉ ቋ ብሎ ቆመ። «ከዚህ ወዲህ አለት ነው» አለ ሲላስ። «የቤታችሁ ደረቁ ወገን ይሄ ነው።»

ደረጃውን ወጥቼ በሩን ከፈትኩ። ሳሎናችን! ፀሐይ የሚገባበት፣ ሰፊው ክፍል! ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ቡፌው በብርጭቆ ተሞልቶ፣ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ይጠብቃል። እኛ ባለቤቶቹ ኩሽናው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተጠጋግተን ነው የምንበላው።

«ወንድዬ፣ ሶፋውን ያዝ!»

«ምን ልታደርጊው?»

«ይውጣ! የእማዬ ክፍል ይሄ ነው!»

«እንግዳ ሲመጣ የት ልናስቀምጠው?»

«እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ!»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ሶፋውን አየና ሳቁ አመለጠው። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ሲላስም ቦርሳውን አስቀምጦ ሌላውን ጫፍ ያዘለት። እኔ ዳንቴሉን እየገፈፍኩ በአንድ እጄ ቡሌ ደወልኩ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ረግረጉንም፣ ዘንጉንም፣ ሳሎኑንም ነገርኳት።

የእንግዳ ክፍል ውስጥ አልተኛም፣ ነውር ነው ብላ እንዳትቀር ፈራሁ።

«ግንባታ የለም ማለት ነው?» አለች እማዬ።

«የለም፣ እማ።»

«ታዲያ እስከ ሰኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምቀመጠው? ነገ በጠዋቱ መኪና እሳፈራለሁ!»