በሳይሚ ልክ የተሰፋ ሚና

ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ «እንዲያው ሞካከርኩ እንጂ» የምል ሴት አይደለሁም። አገሬ ሳቮ፣ ያቺ ሐይቅ የበዛባት የፊንላንድ አውራጃ፣ እንዲህ ያለ ሰው አትወድም። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ እንድትወደኝ ብዬ አልለማመጣትም። የጻፍኩት የፍቅር ኮሜዲ ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑን ያወቅሁት ገና ስጽፈው ነው፤ ሳውናው አጠገብ ካለችው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስንከተከት ባሌ ሁለት ጊዜ ጤንነቴን ሊያጣራ መጥቷል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት የፖስታ መኪና ሾፌርና አንድ ጀልባ ጠጋኝ በየበጋው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሐይቅ ዳር ባለው የዳንስ አዳራሽ ይገናኛሉ። እንደ ደንቡ ሁለት ዘፈን አብረው ይደንሳሉ፤ ከዚያ እሱ ክንዷን ይዞ ወደተነሳችበት ቦታ ይመልሳታል፣ «አመሰግናለሁ» ይላል፣ ይሄዳል። እንዲህ እያሉ ሰባት በጋ። መፋቀራቸውን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ የሠርጋቸውን ኬክ ስፋት በሐሳቧ ለክታ ጨርሳለች፤ ቄሱ ሳይቀሩ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ባዶ ይተዉላቸዋል።

ጽሑፉን የገዛኝ ኦትሶ ነው። ኦትሶ የሠላሳ አራት ዓመት የሄልሲንኪ ልጅ ነው፤ የፊልሙ አዘጋጅም ፕሮዲውሰርም እሱ ነው። ስድስት ዓመት ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን ዝምታ ያስፈራዋል።

«ሂልካ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ አይነጋገሩም» አለኝ የመጀመሪያውን ቀን።

«እየደነሱ ምን ያውሩ? ዝም አይነቅዝም።»

«ቢያንስ መጨረሻው ላይ እሷ ከአገር ልትወጣ ስትል እሱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እየሮጠ…»

«ስማ ኦትሶ፣ እኛ ጋ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚሮጠው አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ሲል ብቻ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ተሸነፈ። እንዲህ እያልን ስምንት ጊዜ ጻፍኩት፤ ከስምንቱ ስድስቱን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ።

ያቺን ሾፌር ስጽፍ ግን ዓይኔ ፊት የነበረችው ሳይሚ ናት። ሳይሚ ፔልኮነን የከተማችን ቲያትር ቤት ተዋናይ ስትሆን፣ ከሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሠላሳውን መድረክ ላይ ነው የኖረችው፤ ገረድ ሆና፣ ጎረቤት ሆና፣ የሙሽራዋ አክስት ሆና። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ የበጋ ቲያትር ላይ አየኋት። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሦስት መቶ ሰው የላስቲክ ካፖርቱን ለብሶ እንደ ድንች ጆንያ ተደርድሯል። ሳይሚ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆና ወጣች፤ የምትናገረው ሁለት መስመር ብቻ ነው። አንዲት ቴምብር ላሰችና፣ ጣዕሙን የምታጣራ ይመስል ቀና ብላ አሰበች። በቃ፤ ሦስት መቶው ሰው ዝናቡን ረስቶ በሳቅ ፈረሰ። ለዚህች ሴት አንድ ሙሉ ፊልም እጽፍላታለሁ ብዬ ያን ዕለት ለራሴ ቃል ገባሁ። አራት ዓመት ፈጀብኝ። አረማመዷን፣ ስታፍር ጆሮዋን መንካቷን፣ ከሳቋ በፊት አፍንጫዋ የሚሆነውን ሁሉ፣ ልብስ ሰፊ ልክ እንደሚወስድ እየለካሁ አስገባሁበት። ሌላ ሰው ቢለብሰው ትከሻው ላይ ይጣመማል።

ይህንን ሁሉ ነግሬያት፣ ሚያዝያ ላይ ለኦዲሽን ሄልሲንኪ ወሰድኳት። አራት ሰዓት በባቡር ተጉዘን ኦትሶ ቢሮ ገባን። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ካሜራው ፊት።

«ዳንስ ትችያለሽ?» አላት።

«እ… ትንሽ ትንሽ።»

ይህቺ ሴት በታንጎ የአውራጃውን ሽልማት ሁለት ጊዜ የወሰደች ናት!

«ኮሜዲስ እንዴት ነሽ?»

«አንዳንዴ ሰው ይስቃል። በምን እንደሚስቁ እንጃ።»

«ሚናውንስ እንዴት አየሽው?»

ሳይሚ ጆሮዋን ነካች። «ቆንጆ ሚና ነው። ከኔ የተሻለ የሚሠራው ሰው አይጠፋም።»

እኛ ጋ ሰው «ትንሽ» ሲል በአሥር ታባዛለህ። ይህን ሒሳብ ከእናቱ ወተት ጋር ያልጠባ የፊንላንድ ልጅ የለም። ኦትሶ ግን ስድስት ዓመት ውጭ ኖሮ ማባዛቱን ረስቶታል። «ዳንስ፦ ደካማ» ብሎ ሲጽፍ ከተቀመጥኩበት አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ያነበበችው ትዕይንት ግሩም ነበር፤ እሱ ግን አንዴ ልቡ ሸፍቶ ስልኩን ያያል።

ባቡር ጣቢያው ላይ ደሜ ፈላ።

«ምን ነክቶሽ ነው አንቺ ሴት?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ከኔ የተሻለ አይጠፋም አልሽ እኮ!»

«ላይጠፋ ይችላላ።»

«ማን? አንድ ስም ጥሪልኝ እስቲ።»

ትንሽ አሰበች። «አላውቅም፤ ፊንላንድ ውስጥ ስንት ሴት አለ።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ሳይሚ።»

«ራሴን ላሞግስ ነው? ሰው ምን ይለኛል?» አለችና የአጃ ዳቦዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ።

በሳምንቱ ለኦትሶ ደውዬ እውነቱን ብነግረው «ጓደኛሽ ስለሆነች ነው» አለኝ። ሚናው ለሊኔያ ተሰጠ። ሊኔያን ቴሌቪዥን የሚያይ ሁሉ ያውቃታል፤ ቆንጆ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። «ትንሽ ሜካፕ አድርገን እናስረጃታለን» አለ ኦትሶ። የጀልባ ጠጋኙን ሚና ቬይዮ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ተዋናይ ወሰደ፤ በእሱ ምርጫ እንኳ ተስማምተናል። ኦትሶ ሊያጽናናኝ ብሎ የጨመረው ግን አንጀቴን አሳረረው። ሊኔያ ዳንስ ስለማትችል፣ እንድታስተምራት ሳይሚን ቀጥሯታል።

«እሺ አልሽው?» ብዬ ጮህኩባት።

«በትሕትና ነው የጠየቀኝ» አለች ሳይሚ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ አስተማረቻት። ሊኔያ ለፍታለች፤ ያንን አልክድም። እግሯ በፕላስተር ተሸፍኖ እንኳ አንድ ቀን አልቀረችም። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ሳይ፣ የራሴ ቀሚስ በሰው ገላ ላይ ሲሰፋ የማይ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ኦትሶ ሊኔያንና ቬይዮን በእውነተኛ ዳንስ መሀል ሊያያቸው ካሜራውን ይዞ ኮይቩራንታ መጣ። ኮይቩራንታ የእኛ የዳንስ አዳራሽ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ክብ፣ ግማሹ ሐይቁ ላይ የቆመ። በበጋ እኛ ጋ ቶሎ አይመሽምና ፀሐይዋ ገና ከጥዶቹ በላይ ናት፤ ቋሊማው ይጠበሳል፤ ትንኙ ራቱን ይፈልጋል። የሴቶች ተራ ተጠራ፤ ሴቶች ጠያቂ፣ ወንዶች ተጠያቂ የሚሆኑበት ሰዓት ማለት ነው። ሊኔያ ቬይዮን ጋበዘችው። የመጀመሪያውን ዘፈን በደንብ ደነሰች። ዘፈኑ ሲያልቅ የቬይዮን እጅ ለቀቀችና፣ እንዴት እንደወጣች ልታይ ወደ ካሜራው ሮጠች።

አዳራሹ ቀጥ አለ። ከሁለቱ ዘፈን አንዱን ደንሶ ሰውን ወለል መሀል ጥሎ መሄድ! እኔ ኮይቩራንታ ስመላለስ አርባ ዓመቴ ነው፤ ሲጣሉ አይቻለሁ፣ ሐይቅ ውስጥ ሲገፈታተሩ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ቬይዮ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ እንኳ ሁለተኛውን ይጀምር አይጀምር ግራ ገባው።

ያኔ ሳይሚ ከሴቶቹ አግዳሚ ተነሳች። አልቸኮለችም። ያን ሁሉ ወለል ብቻዋን አቋርጣ ቬይዮ ፊት ቆመችና አንገቷን ጎንበስ አደረገችለት። ሙዚቃው ገባ። ስትደንስ ምን አደረገች ብትሉኝ፣ ምንም። አንዴ ብቻ፣ ሲዞሩ፣ ዓይኗን ወደ ሰውየው አገጭ አንስታ ቶሎ መለሰችው፤ የሰረቀች ሴት ይመስል። አዳራሹ በሙሉ ፈገግ አለ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ኦትሶ የተቀረጸውን ደጋግሞ አየውና «ደስ ይላል» አለ። «ለሊኔያ ጥሩ ማስተማሪያ ይሆናታል።»

በእጄ የነበረው ቋሊማ ፊቱ ላይ ያላረፈው ሰናፍጩ ስላሳዘነኝ ነው።

በማግስቱ፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ ጽሑፉን አብረን ልናነብ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ሊኔያ፣ ቬይዮ፣ ኦትሶ፣ እኔ፤ ሳይሚም በአስተማሪነቷ ጥግ ላይ ከነሹራብ ሥራዋ። ንባቡ ሳይጀመር ኦትሶ አዲስ ሐሳብ አመጣ።

«ሌሊቱን ሳስብ ነበር። ትናንት ሊኔያ በስሕተት ያደረገችው እኮ ወርቅ ነው! ለምን ሾፌሯ ከአንድ ዘፈን በኋላ ጥላው አትሄድም? ዘመናዊ ሴት ትሆናለች። ሰውም ይስቃል።»

አፌን ልከፍት ስል ወደ ጥግ ዞረ። «ሳይሚ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ምን ይመስልሻል?»

«ጥሩ ነው» ትላለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሱም ይህንኑ ነበር የጠበቀው።

«አትሄድም» አለች ሳይሚ።

«እንዴት?»

«ያቺ ሴት እንዲህ አታደርግም። ሰባት በጋ የጠበቀችውን ሰው ወለል መሀል አታዋርደውም። መቶ ዓመት ብትኖር አታደርገውም።»

«ይሄ እኮ ፊልም ነው ሳይሚ፤ አንቺ በምን አወቅሽ?»

ሳይሚ ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን አንገቷም ቀልቷል። ተነሥታ ቆመች።

«ሾፌሯ እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው። ሚያዝያ ላይ ትንሽ ትንሽ እደንሳለሁ አልኩህ፤ ዋሸሁ። ከኔ የተሻለች ዳንሰኛ በዚህ አውራጃ የለችም። ሰው በምን እንደሚስቅ አላውቅም አልኩህ፤ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እሱኑ ነው። ከኔ የተሻለ አይጠፋም አልኩህ። ይጠፋል። ይህንን ሚና ከኔ የበለጠ የሚሠራው ሰው የለም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሊኔያ፣ አንቺን ለመስደብ አይደለም። አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ።»

የሐይቁ ውኃ ከወለሉ ሥር ሲንቦጫቦጭ ይሰማል። በዚህ አገር አንድ ሰው ስለ ራሱ ይህን ያህል ሲናገር በሕይወቴ የሰማሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው፤ እኔ እንኳ፣ ያን ሁሉ የምደነፋው፣ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ኩራቴ ደረቴ ውስጥ ቦታ ጠበበው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሊኔያ ናት። ፊቷ ገርጥቷል። «ትናንት የተቀረጸውን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ኦትሶ» አለች። «እውነቷን ነው። ደስ አይለኝም፣ ግን እውነቷን ነው።»

ቬይዮ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «እኔ ከሷ ጋር ነው መደነስ የምፈልገው።»

ኦትሶ ብዕሩን ሲያሽከረክር ቆየ። ከሊኔያ ስም ጋር የሚቀረውን ሁሉ እያሰበ እንደነበር ገብቶኛል፤ ፖስተሩን፣ ቃለ መጠይቁን፣ የሄልሲንኪን ሲኒማ ቤቶች። በመጨረሻ ሳይሚን ቀና ብሎ አያት። «ታዲያ ይህንን ሚያዝያ ላይ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አሁን ነገርኩህ» አለች ሳይሚ።

«ነገርሽኝ» አለ። ፊቱ ያለውን ጽሑፍ አንስቶ በጠረጴዛው ላይ ወደሷ ገፋው። «በይ ተቀመጪና ከመጀመሪያው አንብቢ። ሁለቱም ዘፈን ይቆያል።» ሊኔያም የሾፌሯን እህት ሚና ጠይቃ ወሰደች፤ አሳምራም ሠራችው፤ ያ ሌላ ወሬ ነው።

ንባቡ ሲያልቅ ሳይሚ ወደ ጀልባ ማሰሪያው ወጣች፤ ተከተልኳት። 

«ሂልካ፣ ምንድነው ያደረግኩት? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?»

እናቷ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸውን ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ሲያዩ አንድ ቀን «ጥሩ ነሽ» ብለዋት አያውቁም። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥቼ ቁጥሩን ደወልኩና ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩላት።

«እማ፣ እኔ ነኝ። ፊልም ልሠራ ነው… አዎ፣ ሲኒማ ቤት የሚታየው። ገረድ አይደለሁም። ዋናዋን ሴት ነው የምሠራው።»

 ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

«ታዲያ ሌላ ማን ሊሠራው ኖሯል?» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ሳይሚ ስልኩን እንደያዘች እዚያው ሳንቃው ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።