ሳቢትራ ዝም ያለችባት ደቂቃ

የዲልሳሪ እጆች ጎሿን ያልባሉ፤ ጆሮዋ ግን ጎረቤቷ ፉልማያ ዘንድ ነበር።

«ገጽ አሥራ ሁለት፤ ድገሚው» አለች ፉልማያ፣ መጽሐፉን ከዝናቡ በሻርፗ ከልላ።

«ውሃ ከተራራ ይወርዳል። ወፍጮውን ያዞራል። ወፍጮው በቆሎ ይፈጫል። በቆሎው የዲዶ ገንፎ ይሆናል…»

«ልጅሽ ብታውቅ ትገድልሻለች።»

«ባዋርዳትስ? ዝም ብለሽ አንብቢልኝ!»

የዲልሳሪ ልጅ ሳቢትራ በባግሉንግ ተራሮች ላይ ባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ ከሆነች ሦስት ወሯ ነው፤ በማሠልጠኛው የሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት። ሹመቷ ግን ገና «ተጠባባቂ» የምትል ጭራ አለችው። በማሠልጠኛው ልማድ አዲስ ኃላፊ በመምህራንና በሠልጣኞች ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጥፋቱን ይሰማል። ያንን መዝግቦ ለትምህርት ቢሮ የሚልከው አንጋፋው መምህር ሎክናት ነው። ጭራዋ የምትቆረጠውም የምትቀረውም በእሱ ብዕር ነው።

ሳቢትራ እንድታስተምር የታሰበው ሕፃናትን ነበር። በዝናቡ ድልድዩ ሲዘጋ ልጆቹ ማዶ ቀሩ። ሎክናት «እንግዲህ ይራዘም» ቢል፣ «ለምን? የእናቶች የመሠረተ ትምህርት ክፍል አለ አይደል?» አለችው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ዲልሳሪ አለች፤ ፊደል መቁጠር ከጀመረች ስድስት ወሯ። የሚነበበው የትኛው ገጽ እንደሆነ ልጇን ብትለምን አልነግርሽም አለቻት። በልጇ መጽሐፍ ውስጥ ለምልክት የተሸጎጠችውን ቁራጭ ወረቀት ግን ዲልሳሪ አየቻት። እናት ናት፤ ምን ታድርግ።

አራት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ እናቶች በሕፃናት አግዳሚ ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተኮልኩለዋል። ከኋላ አርባ ሠልጣኞች ደብተራቸውን ዘርግተዋል። ሳቢትራ ገጹን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ዘንጓን አነሳች።

«እማማ ዲልሳሪ፣ እስቲ ያንብቡልን።»

ዲልሳሪ ጉሮሮዋን ጠርጋ ለቀቀችው። ዘንጉ ገና «ወፍጮው» ላይ ሳለ እሷ በቆሎውን ፈጭታ፣ ዲዶውን አገንፍታ፣ ልጆቹን አብልታ ጨርሳለች።

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። የሎክናት ብዕር ተንቀሳቀሰ። ጉድ ሠራኋት! አለች ዲልሳሪ በልቧ።

ሳቢትራ አልተቆጣችም። «በቃልዎ አሳምረው ይዘውታል» አለችና ሰሌዳውን አጥፍታ ሌላ ጻፈች። «አሁን ደግሞ ይችን።»

«ጎ… ሿ…» ዲልሳሪ ቆመች። ከጎኗ የተቀመጠችው ፉልማያ ልትነግራት አፏን ስትከፍት ሳቢትራ እጇን አነሳች። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ዲልሳሪ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሌላት ይመስል ቆማለች።

«ወፍ… ወፍጮ… ቤት… ገባች። ጎሿ ወፍጮ ቤት ገባች! ውይ፣ ማን ፈታት?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

በግምገማው ሎክናት መነጽሩን አስተካከለ። «አንድ ጥፋት መዝግቤያለሁ። መምህርቷ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላለች። በትምህርት ላይ ደቂቃ ረጅም ነው።»

«ይጻፉት» አለች ሳቢትራ።

ዲልሳሪ እጇን አወጣች። በግምገማ ላይ ተማሪ እንደማይናገር የነገራት የለም።

«ሎክናት ሰር፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ባሌም አማቴም ነጋዴውም ቃሉን ከአፌ ሲነጥቁኝ ኖሬያለሁ። እስክጨርስ የጠበቀኝ ሰው ዛሬ አየሁ። ደግሞ ገጹን የሰረቅኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አልነገረችኝም። ያንንም ይጻፉት!»

ሎክናት ብዕሩን እንደያዘ ዝም አለ። ዝም አለ…

«ሰር፣ እርስዎም አንድ ደቂቃ ሞላዎት» አለች አንዲት ሠልጣኝ ሰዓቷን እያየች።

ሽማግሌው ሳቁ አመለጠው። የጻፈውን ሰረዘና ከሥሩ «በሹመቷ ትጽና» ብሎ ጻፈ። ደብተሩን ለዲልሳሪ አቀበላት።

«እስቲ ያንብቡልኝ፤ እኔም እጠብቃለሁ።»

«በ… ሹ…»

ፉልማያ በትከሻዋ በኩል አሻግራ አንብባው ኖሮ፣ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ጠበቀች።