ሦስት እፍኝ ባሕር

ባሌ ግዛው ከሥራ ቦታው ደጋግሞ ሲደውል ስልኬ ወንድሜ ዳኜ መኪና ውስጥ፣ ዘንቢል ውስጥ ነበር። አዲስ አማኝ በሚጠመቅበት ቀን የሁሉም ሰው ስልክ ይሰበሰባል፤ የጴንጤ ቸርቻችን ደንብ ነው። ያወጣውም ዳኜ ነው፤ ደንብ ማውጣት ነፍሱ ነው።

ጠዋት ሐበሻ ከሚበዛበት ሰፈራችን ከፌርፋክስ በቫን ተጭነን ከዌስትቼስተር ሰፈር ወዲያ ያለው ባሕር ዳር ወርደናል። እናቴ ካሰች ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ተራዋን እየጠበቀች፣ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ኩላሊት ከተቀየረላት ገና መንፈቋ ነው። ኩላሊቱን የሰጣት ዳኜ ነው። መድኃኒቷ በሽታ የመከላከል አቅሟን ስለሚያዳክም ሐኪሙ ከጀርም ጠብቋት ብሎ አስጠንቅቆናል፤ ሰላጣ እንኳ ጥሬውን አትበላም። ዳኜ ግን «ባሕር እኮ ጨው ነው፣ ምን ትሆናለች?» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ፓስተሩም ውሃው በራሱ እንደማያድን ደጋግሞ አስተምሯታል። እሷ ግን ጠበል ጠጥታ ያደገች ሴት ናት፤ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው።

ግዛው ኦርቶዶክስ ነው። እዚያው አቅራቢያ ባለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት «እትዬ ካሰች አንዴ ተጠምቀዋል፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ሁለተኛ አይጠመቁም!» ብሎ ጠረጴዛችንን ደብድቧል። ስለዚህ በሥራ ልብሱ አሸዋውን እየበተነ ሲሮጥ ስናየው ሊበጠብጥ የመጣ መሰለን። እኔ ራሴ በንዴት ጦፍኩ።

«አውጧቸው! ፓምፑ ተበላሽቶ ያልተጣራ ፍሳሽ ባሕሩ ውስጥ ገብቷል! የሽንት ቤት ውሃ ነው!»

ዳኜ ውሃው አፋፍ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «ዛሬ ደግሞ በዚህ መጣህ?»

«በእናትህ ዳኜ፣ ሲሪየስ ነው! ቢቹን ክሎዝ ሊያደርጉት እየመጡ ነው!»

ሊያልፈው ሲል የዳኜ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። የጥርስ ድምፅ ሰማሁ። ግዛው በቴስታ መለሰለት፤ የዳኜ አፍንጫ ፈረጠ፣ ነጭ ሸሚዙ ደም በደም ሆነ። ተናንቀው ውሃው ውስጥ ወደቁ። ዳኜ ላዩ ላይ ወጥቶ ጭንቅላቱን ደፈቀው። «በኢየሱስ ስም ውጣ! ውጣ!» ይላል፣ ይደፍቀዋል። ከኋላ ይጸለያል፣ ይጮኻል፤ አንዱ አስተናባሪ ደግሞ የግዛውን ጎን በእርግጫ ይለዋል። ባሌ ሊሞትብኝ ነው! ዘልዬ የዳኜን ጆሮ ነከስኩት። በክርኑ መትቶ አሸዋው ላይ ዘረረኝ።

እንደ ተጋደምኩ የባሕር ዳሩ የነፍስ አድን ሠራተኞች ቢጫ መኪና መጥታ ቆመች። ሁለት ሰዎች ወርደው ምልክት ይተክሉ ጀመር፤ ውሃው ተበክሏል ይላል። ዳኜ አየው። እጁ ላላ። ግዛው ደምና ውሃ እያስመለሰ ቀና አለና «እትዬ ካሰችስ?» አለ።

ሁላችንም ዞርን። እናቴ ትተናት የሄድንበት ቆማለች። «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ» እያለች፣ ሦስተኛውን እፍኝ ልትውጥ አፏ ላይ አድርሳዋለች።

«እማዬ፣ ትፊው!» ብዬ ጮህኩ።

ጭልጥ አደረገችውና አፏን በእጇ ጠረገች። «ምን ማለትሽ ነው? ጠበል ይተፋል እንዴ? እነዚህ ልጆቼ እንዲታረቁልኝ ብዬ ነው የጠጣሁት።»

ግዛው ደሙ እየተንጠባጠበ ተሸክሟት ወደ መኪናው ሮጠ። ዳኜ ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ኩላሊቱ የወጣበትን ጎኑን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። ማንም አላስቆመውም።